የሃያት ዜሮ

ጻፊው ያሉኝ ልጆቹ ናቸው። የልጄ ልጅ መቅደስ ጎንደር ኮምፒዩተር ትማራለች። ለበዓል ሁለት ጓደኞቿን ይዛ መጥታ ግቢው ውስጥ ተቀምጠው ሲከራከሩ፣ እኔ ጥግ ይዤ ነጭ ሽንኩርት እለቅማለሁ። ክርክራቸው ፈንክሽን ስለሚሉት ነገር ነው። ቁጥር ስጡኝ የሚል ፈንክሽን ቁጥር ያልሆነ ነገር ቢሰጡት ምን ያድርግ ነው ነገሩ። አንደኛው ልጅ «ዜሮ ብሎ ይለፈዋ፣ ምን ችግር አለው» አለ።

«ዜሮ አይበል» አልኩ ሳላስበው። «ይቁምና ይናገር። የተሰጠውንም የፈለገውንም ይናገር።»

ሦስቱም ዞረው አዩኝ።

«እማማ፣ ይኼን ማን አስተማረሽ?» አለች መቅደስ።

«ሃያት።»

«ሃያት ማናት?»

 መቅደስ ሃያት እኔ ቤት ስትኖር ገና ልጅ ነበረች፣ ከእናቷ ጋር ባሕር ዳር ነበረች፣ አታውቃትም። የጀመርኩትን ሳልጨርስ ተነሥቼ ወደ ቤት ገባሁ። ኋላ ደብተርና እስክሪብቶ አምጥታ አጠገቤ አስቀመጠችና «በአፍሽ ካቃተሽ ጻፊው» አለችኝ።

ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። አጎቴ መሪጌታ ነበሩ፤ ወንዶቹ ፊደል ሲቆጥሩ እኔ ከአጥሩ ውጭ ገብስ እየጠበቅሁ አብሬ እቆጥር ነበር። ከዚያ በቀረልኝ ነው የምጽፈው። እየዘለልኩ ባወራ ታገሡኝ። ዕድሜዬን ከደባርቅ ዳባት፣ ከዳባት ጃናሞራ ሽንኩርት ይዤ ስዞር የኖርኩ ነኝ፤ ወሬዬም እንደ እግሬ ነው።

የሃያትን ሞት የሰማሁት ቅዳሜ ገበያ ላይ ነው። ወንድሟ ከዳባት ደወለ። «እማማ ብርቄ፣ ሃያት አረፈች» አለኝ። ኩላሊቷን ታማ ጎንደር ተኝታ ኖሯል፤ ለማንም አልተናገረችም። ሽንኩርቱን ለጎረቤቴ አደራ ብዬ መኪና ተሳፈርኩ። ዳባት ስደርስ ተቀብራለች፤ ሙስሊሞቹ ሬሳ አያሳድሩም። ድንኳኑ ውስጥ ከሴቶቹ መሐል ተቀመጥኩ። እናቷ እጄን ይዘው «ያንቺን ስም ሳታነሣ አትውልም ነበር» አሉኝ። ምን እያለች እንደምታነሣኝ ለመጠየቅ አፈርኩ። የማፍርበት ምክንያት ነበረኝ፤ እደርስበታለሁ።

መጀመሪያ ወደ ቤቴ የመጣችው ክፍል ልትከራይ ነው። አንድ ሻንጣና አንድ ላፕቶፕ ይዛ፣ ቀጭን፣ ረጃጅም ጣት ያላት፣ አረንጓዴ ሻሽ ያሰረች ልጅ። አባቷ ዳባት ጨርቅ ነጋዴ ናቸው። በሩን ሳታልፍ ጥያቄ ጀመረች።

«እማማ፣ ውኃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል?»

«ሲያሰኘው ይመጣል ልጄ። ሁለት ሦስት ቀን።»

«ሁለት ነው ሦስት?»

«እኔ ምን አውቄ፣ አልፈርምበት።»

«እንግዲያው አይታወቅም ብዬ ልያዘው?»

«ያዢው እንግዲህ» አልኳትና ይህቺ ልጅ ታደክመኛለች ብዬ በሆዴ አማሁ። ዓይኗን ሳይ ግን ሳቋን ይዛለች። አይታወቅም ማለት ለሷ ነውር አልነበረም። «አላውቅም ማለት ምን ያስነውራል እማማ?» ትላለች ሁልጊዜ። ስታስብ የሻሿን ጫፍ በጥርሷ ትነክሳለች። ሻሾቿ ሁሉ አንድ ጥግ ላይ የተበሉ ነበሩ።

በመጣች በሳምንቱ ምስር ወጥ ሠርቼ ሰሐን ሞልቼ ወሰድኩላት። ተቀብላኝ አመሰገነችና «እማማ፣ ድስቱ የሥጋው ነው?» አለችኝ። የእኛን ሥጋ እንደማይበሉ አውቃለሁ፤ ድስቱን ግን አላሰብኩትም። በዚያው ድስት ለፋሲካ በግ ሠርቼበት ነበር። አዎ አልኳት። ሰሐኑን በሁለት እጇ መልሳ ሰጠችኝና «እንግዲያው አልበላውም፣ ይቅር ይበሉኝ» አለች። ተቀየምኩ። የኛ ሰው ቢሆን ተቀብሎ፣ አመስግኖ፣ ዞር ስል ለድመት ይሰጠው ነበር። ደግሞ ሳስበው፣ ያ ቢሆን እኔ ዓመቱን ሙሉ ሳበላት፣ እሷም ዓመቱን ሙሉ ስትደፋ እንኖር ነበር። በማግስቱ አዲስ ድስት ገዛሁ። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ አብረን በላን።

ሥራዋን ስጠይቃት እንዲህ ብላ ነገረችኝ፦ «ትንንሽ ሠራተኞች እሠራለሁ እማማ። አንዱ ይደምራል፣ አንዱ ቀን ያሰላል፣ አንዱ ስም ይለያል። ሠራተኛውን ፈንክሽን እንለዋለን። ሁሉንም አንድ ሳጥን ውስጥ አስቀምጣቸዋለሁ፤ ሳጥኑ ላይብረሪ ይባላል። ሌላ ሰው ፕሮግራም ሲሠራ ከሳጥኑ እያወጣ ያዛቸዋል። ውስጣቸውን ከፍቶ አያይም፤ አምኖ ነው የሚያዛቸው።»

«ደመወዛቸውስ?»

«ደመወዝ የላቸውም። የማይሆን ነገር ከሰጧቸው ግን ጉድ ያፈላሉ።»

ዝናቡ የቀረው በዚያ ዓመት ነው። ጃናሞራና በየዳ ገብሱ ሳያፈራ ደረቀ። እሷ የምትሠራበት መሥሪያ ቤት ለየቤተሰቡ አልሚ ዱቄት እንዲያድል ታዘዘ። በየቀበሌው የተመረጡ ልጆች ታብሌት ይዘው ቤት ለቤት ይመዘግባሉ፤ ዝርዝሩ ደባርቅ ይመጣል፤ የሃያት ፈንክሽን የቤተሰቡን ብዛት ከዝርዝሩ አንሥቶ ለዚህ ቤት ይህን ያህል ዱቄት ይላል። ነገሩ ይኼው ነው።

አሁን ስለ አገራችን አንድ ነገር ልናገር። እኛ ዘንድ ሰው አይቆጠርም። ከብት እንኳ በረት ሲገባ በዓይን ይታያል እንጂ በጣት አይጠቆምም። እናት ስንት ልጅ አለሽ ስትባል «እግዜር የሰጠኝ አሉ» ትላለች፣ ወይም «ያኑርልኝ» ትላለች። ቆጥራ ከተናገረች አንዱ የሚጎድልባት ይመስላታል። እኔ ራሴ የወለድኳቸው… ይኸው ልጽፈው ብል እጄ እምቢ አለኝ። ይቅር። መዝጋቢዎቹም የዚያው አገር ልጆች ናቸው፣ ትልቅ ሴት አያስጨንቁም። ያለቻቸውን ቃል እንዳለ ጽፈው ያልፋሉ።

ሃያት ይህን ታውቅ ነበር። የእሷም አያት ማሻአላህ ይላሉ እንጂ ቁጥር ከአፋቸው አይወጣም። ስለዚህ ፈንክሽኗን ቁጥር ካላገኘ እንዲቆም አድርጋ ሠራችው። በዚህ ላይ ከሥራ ባልደረባዋ ከዮሴፍ ጋር እሑድ እሑድ ግቢዬ ውስጥ ይሟገታሉ። ዮሴፍ ጨዋታ አዋቂ ነው፣ ሲከራከር እንኳ ያስቃል።

«ላይብረሪ የሰው ሞግዚት አይደለም» ይላታል። «መመሪያው ላይ ቁጥር ስጡኝ ብለሽ ጽፈሻል፣ አይደል? ቃል የሰጠሽ ሰው ራሱ ይወቀስ።»

«መመሪያውን ማን አነበበው?»

«ማንበብ ነበረበት።»

«ሰጪው እኮ ጃናሞራ ነው ያለው ዮሴፍ። ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ፣ ነፋስ እየገፋው የሚጽፍ ልጅ ነው። ያንተን መመሪያ በየት በኩል ያንብበው?»

«ታዲያ ገምቺለት። ሰባት ብሎ በፊደል ከጻፈ ሰባት አድርጊው፣ ምን ያስኮርፍሻል?»

«እሱን አድርጌዋለሁ። ሰባት ሰባት ነው፣ ግምት የለበትም። ስድስት ሰባት ካለስ?»

«ሰባት።»

«ስድስት ለምን አይሆንም?»

«እንዳይጎድልባቸው ነዋ።»

«እግዜር ያኑርልኝ ካለስ?»

ዮሴፍ ሳቀ። «እሱንማ እግዜር ይቁጠረው።»

እኔ ለዮሴፍ ፈረድኩ። እምቢ የሚል ነገር አይጥመኝም። «ልጄ፣ ደጅሽ የመጣን ሰው ምነው ትመልሽዋለሽ? ዝም ብለሽ አስገቢው» አልኳት።

ሻሿን ነክሳ ቆየችና «እማማ፣ ግባ ብለውት ወንበር ሳይሰጡት፣ ቀና ብለው ሳያዩት ቢቀሩስ?» አለችኝ። «ቢመልሱት እኮ ሌላ ቤት ያንኳኳ ነበር። እርስዎ ግን አስገባሁት ብለው ይተኛሉ፣ እሱም ገባሁ ብሎ ይጠብቃል።»

 እኔ ግን አልተረታሁም።

የመጀመሪያው የእደላ ቀን እኔም መጋዘኑ ጋ ነበርኩ፤ ሰው በተሰበሰበበት ሽንኩርት ይሸጣል። ሰልፉ ከመጋዘኑ በር እስከ አስፋልቱ ወርዷል። ገና ጥቂት ሰው እንዳለፈ ድርሻ የሚያወጣው ማሽን፣ የሃያት ላፕቶፕ፣ ቆመ። ሃያት ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብላለች። አለቃዋ አቶ ደምስ እያላባቸው መጡ። አቶ ደምስ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ያን ቀን ቁርስም አልቀመሱም።

«ምን ሆነ?»

«አንድ ቤት ላይ ቁጥር የለም አቶ ደምስ። ቃል ነው የተጻፈው።»

«ታዲያ ለአንድ ቤት ይህ ሁሉ ሰው ፀሐይ ላይ ይቁም?»

«ደውለን እንጠይቅ።»

«እዚያ ኔትወርክ አለ?»

«የለም።»

«እንግዲህ።»

«እንግዲያው ያንን ቤት ለብቻ ለይቼ ላስቀምጠው፣ ሌላው ይለፍ። ኋላ ሰው ልከን እንጠይቃለን።»

«የለየሽው ሪፖርት ላይ ይወጣል?»

«መውጣት አለበት።»

«አይውጣ። ዞኑ ምን ይለኛል? እንዲያልፍ አድርጊው በቃ። ሴቶቹን እያቸው፣ ሕፃን አዝለው ነው የቆሙት።»

ሃያት ሴቶቹን አየቻቸው። ሻሿን ነከሰች። ከዚያ አንድ መስመር ጻፈች። አንድ መስመር ብቻ፣ ከአጠገቧ ቆሜ ስላየሁ ነው። ማሽኑ ተንቀሳቀሰ፣ ሰልፉም ተንቀሳቀሰ፣ ሰዎቹ መረቁን።

«ምን አደረግሽው?» አልኳት።

«ቁጥር ካልሆነ ዜሮ ብለህ እለፍ አልኩት። ለዛሬ ብቻ ነው እማማ።» ያን ቤት በወረቀት ጻፈችና ሰው ላከችበት፤ ድርሻቸውን አገኙ። እኔም «እሰይ፣ አሁን ሰው ሆንሽ» አልኳት። ይህን ማለቴን ባልጽፈው ደስ ባለኝ።

ለዛሬ ያለችው መስመር ከረመ። ሁለት ጊዜ ልመልሰው ብላ አቶ ደምስን ጠየቀች፤ ሁለቱንም ጊዜ የሚሠራ ነገር አትንኪ አሏት። ከዚያ ሌላ ሥራ ሰጧት። በወሩ ከጃናሞራ አዲስ ዝርዝር መጣ። በዚያ እደላ ቀን እሷ ጎንደር ለስብሰባ ተልካ ነበር።

ጥሩነሽ የጃናሞራ ሴት ናት። ወደዚያ ለገበያ ስዘልቅ የማድረው እሷ ቤት ነው፤ ካልጋዋ ወርዳ መሬት ተኝታ እኔን አልጋ ላይ የምታስተኛ ሴት። በዚያ ቀን ወደ መደቤ መጣች። ባዶ ጆንያ አጣጥፋ በብብቷ ይዛለች።

«እትዬ ብርቄ፣ የለሽም አሉኝ» አለች።

«እንዴት የለሽም?»

«ስሜስ አለ። ቤተሰብ የሚለው ላይ ግን ባዶ ነው አሉኝ። ባዶ ቤት ዱቄት አይሰጠውም አሉኝ።»

«ልጆች አሉኝ አላልሽም?»

«ማንን ብዬ? የጠየቀኝ የለም። ሰልፉ ረጅም ነው፣ ወደ ጎን በይ አሉኝ፣ ወደ ጎን አልኩ። እስኪመሽ ቆምኩ።»

የነበረኝን ገብስ ዱቄት ሰጠኋት፣ ብዙ አልነበረም። ሽንኩርትም ጨመርኩላት፤ ሽንኩርት ምን ያደርግላታል። አህያ ነጂዎች ሲነሡ አብራ ሄደች። ያን ዕለት ሃያት ባትኖር ዮሴፍ ነበር፣ አቶ ደምስ ነበሩ፤ ሄጄ መናገር እችል ነበር። ገበያ ነው፣ ደከመኝ፣ መንግሥት ያውቃል አልኩ። ሃያት ስትመለስም የጎንደሩን ወሬ ስታጫውተኝ ረሳሁት። እውነት ረሳሁት። ይህ የእኔ ድርሻ ነው።

ሦስት ሳምንት ቆይቶ አንድ ባለ አህያ ከጃናሞራ መጥቶ «የጥሩነሽ ትንሿ ልጅ አረፈች» አለኝ። ቀድሞም ደካማ ነበረች ይላሉ። እኔ እንጃ። ዱቄቱ ቢኖር ትተርፍ እንደሆነ እግዜር ነው የሚያውቅ።

ወደ ቤት ስገባ ሃያት ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ልብስ ታጥባለች። ቆሜ ነው የነገርኳት። የጥሩነሽን ባዶ ጆንያ፣ ስምሽ አለ ቤትሽ ባዶ ነው ማለታቸውን፣ የልጅቱን ሞት፣ ሁሉንም ባንድ ላይ አፈሰስኩት። እጇ በአረፋ እንደተሞላ ቀረ። ከዚያ ሳትጠርገው ገብታ ላፕቶፑን ከፈተች። ብዙ ፈለገች። ድንገት ጣቷ ቆመ።

«እማማ፣ ይምጡ» አለችኝ።

ፊደል አውቃለሁ፤ አነበብኩት። የጥሩነሽ ስም አለ። የቤተሰብ ብዛት የሚለው ላይ «እግዜር ያኑርልኝ» ተብሎ ተጽፏል። ከጎኑ አንዲት ክብ ዜሮ። ንጹሕ ሆና፣ እንደ ሌሎቹ ቁጥሮች ሁሉ ተስተካክላ ተቀምጣለች። ከታች ሌሎችም ነበሩ፤ ያኑርልኝ፣ የሰጠኝ አሉ፣ ተመስገን፤ ከየጎናቸው ያቺው ክብ።

«ያቺ መስመርሽ ናት?» አልኳት።

«ናት።»

«ሰው በላችልሽ።»

እንዲህ ነው ያልኳት። ሃምሳ ዓመት ገበያ ውዬ እንደዚያ ያለ ቃል ለማንም አልወጣኝም። አላለቀሰችም። ላፕቶፑን ዘጋችና እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

በማግስቱ ጠዋት ክፍሏ ተቆልፎ ነበር። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ አራት ቀን ጠፋች። ስልኳ አይሠራም። ዳባት እናቷ ጉያ ገብታ ተደብቃለች አልኩ። ዮሴፍ ሊጠይቃት ሲመጣም ይህንኑ ነገርኩት። በአምስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ መጣች። ፊቷ ጠቁሯል፣ ከንፈሯ ተሰንጥቋል። እኔ ደግሞ ሰላምታ እንኳ አላስቀደምኩም።

«ሸሽተሽ ከረምሽ» አልኳት።

አየችኝ። አንድ ነገር ልትል ነበር። ተወችው። «ተመለስኩ እኮ እማማ» አለችና ገባች።

ሁለት ቀን ከክፍሏ አልወጣችም። ሽሮ እያደረስኩ ደጃፏ ላይ አስቀምጣለሁ፣ አላናግራትም። በሦስተኛው ቀን ራሷ መጣችና አጠገቤ ተቀመጠች።

«ፈንክሽኑ የማያውቀው ነገር ሲገጥመው ምን ይበል እማማ?»

«እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ?»

«ከእርስዎ ሌላ ማንን ልጠይቅ?»

ቁጣዬ አልበረደም ነበር። «የኛ ወፍጮ እንኳ ጠጠር ሲገባበት ይጮሃል» አልኳት። «ያንቺው ዝም ማለቱ ነው የገረመኝ።»

«ዝም ቢል እኮ ይሻል ነበር» አለች ቀስ ብላ። «መልስ ነው የሰጠው። ዜሮ ስሕተት አይመስልም። ያየው ሰው ሁሉ ቁጥር ነው ብሎ ያልፈዋል።»

ያሳየችኝ አዲሱ እንዲህ ነበር። ቁጥር ያልሆነ ነገር ሲያገኝ ያንን ቤት ብቻ ለይቶ ያወጣዋል፣ ሌላው ሰልፍ ይሄዳል። ለወጣው ቤት የሰውየውን ስም፣ የተሰጠውን ቃል እንዳለ፣ ቀጥሎም የሚፈልገው ቁጥር መሆኑን ይጽፋል። መጨረሻው ላይ «አላውቅም፤ ሄዳችሁ ጠይቁ» ይላል። ሌላ ሰው እንደ እሷ በአንድ መስመር ዝም እንዳያሰኘው ደግሞ፣ ያልተጠየቀ ቤት ካለ ሪፖርቱ አልዘጋም እንዲል አደረገችው።

ይዛው መሥሪያ ቤት ሄደች። የሆነውን ዮሴፍ ነው የነገረኝ። ሠራተኛው በተሰበሰበበት ቆማ፣ እነማን ቤት ዜሮ እንደተባለ በስም አነበበች። ዜሮውን የጻፍኩት እኔ ነኝ አለች። አለቃዋ እንዳዘዟት አልተናገረችም። አቶ ደምስ አንገታቸውን ደፉ ይላል ዮሴፍ፤ ከዚያ ግን ቀና ብለው «ይህን ሪፖርት ላይ አውጪ ብሎ ማን ፈቀደልሽ?» አሏት።

«ማንም።»

«ዮሴፍ፣ አንተም ዝርዝሩን አይተሃል?» አሉ አቶ ደምስ።

«አይቻለሁ» አለ ዮሴፍ። ለኔ ሲነግረኝ ቀልድ የለም፣ ሳቅ የለም። «ዜሮዎቹን በዓይኔ አይቻቸዋለሁ እማማ። ባዶ ቤት መስሎኝ ነው። ሰጪው ይጠንቀቅ እያልኩ ስከራከር የነበርኩት እኔ፣ ተቀባይም ሆኜ አልጠየቅሁም።»

በተከታዩ እደላ በአዲሱ ሠሩ። ተለይተው የወጡትን ቤቶች እየዞሩ የሚጠይቁ ሰዎች ተላኩ። ጥሩነሽም መጥታ ዱቄቷን ወሰደች፤ ስትሸከም አይቻታለሁ። ነጠላዋን ለሐዘን ዘቅዝቃ ለብሳ ነበር። ሪፖርቱ ወደ ላይ ሄደ፤ የላይኞቹም ተቆጡ። ሃያት ውሏ ሲያልቅ አላደሱላትም።

ጎንደር ሥራ አገኘች። በምትሄድበት ቀን ሻንጣዋን ይዛ ደጃፌ ላይ ቆመች። ተሳስመን ተለያየን፤ መናኸሪያ ድረስ ግን አልሸኘኋትም። ጉልበቴን አልኳት። ጉልበቴ ደኅና ነበር። የጥሩነሽ ልጅ ሞታ እሷ እናቷ ጋ ተደበቀች የሚለው አልወጣልኝ ብሎ ነው። ብዙ ነገር ይቅር እላለሁ፣ ከለቅሶ የሚሸሽን ሰው ግን አልወድም፤ ከልጅነቴ እንዲህ ነኝ። ለኢድ ትደውላለች፣ ለፋሲካ ትደውላለች። «ጉልበትዎ እንዴት ነው?» ትለኛለች። ደኅና ነው እላታለሁ፣ ስልኩን ዘጋ አደርገዋለሁ። ሁለት ዓመት እንዲህ ሆነ። ከዚያ ወንድሟ ደወለ።

ጥሩነሽን ካየሁ ዓመታት አልፈው ነበር። የጃናሞራውን መንገድ ጉልበቴ እውነትም እምቢ ብሎኝ ትቼዋለሁ። ባለፈው መስከረም ዳባት ገበያ ተገናኘን። ትልቁ ልጇ ዳባት ሚስት አግብቷል፣ እሱን ልትጠይቅ መጥታ ነው። አቅፋኝ ብዙ ቆየች። ጥላ ፈልገን ተቀመጥን፣ የሰውን ሞትና ሕይወት አነሣን።

«ያቺ የእስላም ልጅ እንዴት ናት?» አለችኝ።

«የቷ?»

«አንቺ ቤት የምትኖረው። ሃያት።»

ስሟን ከየት አወቀችው አልኩ በሆዴ። ከዚያ መሞቷን ነገርኳት። ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች፣ እንደ ዘመድ።

«የት ታውቂያታለሽ?» አልኳት።

«ልጄ በሞተች ሰሞን መጥታ ነበር እኮ። አልነገረችሽም? ከጭነት መኪና ወርዳ ግማሽ ቀን በእግሯ ሄዳ፣ ሰው እየጠየቀች። ደጃፌ ላይ ቆመች፣ ግቢ ብላት አልገባም አለች። ‹መጀመሪያ ልንገርሽ፣ ከዚያ ግቢ ካልሽኝ እገባለሁ› አለችኝ። ማሽኑን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ቤትሽን ባዶ ያሰኘሁት እኔ ነኝ አለችኝ። የሌላ ሰው ስም አልጠራችም።»

«አንቺስ ምን አልሻት?»

«ምን እላታለሁ እትዬ። መጀመሪያ አልገባኝም። ሲገባኝ በሩን ዘጋሁባት። ቆማ ዋለች። ስከፍተው እዚያው ናት። ውኃ ሰጠኋት፣ ግቢ አልኳት። ሁለት ቀን ከኛ ጋር ለቅሶ ተቀመጠች፤ ከሴቶቹ ጋር ውኃ ቀዳች። ልትሄድ ስትል ደብተር አወጣችና አንድ ነገር ልጠይቅሽ አለችኝ። ‹ያን ቀን፣ ሰልፉ ላይ በቆምሽበት ቀን፣ ስንት ነበራችሁ?› አለችኝ።»

ጥሩነሽ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች። እኔም አላስቸኮልኳት።

«ዝም ብላ ጠበቀችኝ። አልገመተችልኝም፣ አላስቸኮለችኝም። የልጆቼን ስም አንድ በአንድ ጠራሁላት፣ የትንሿንም ጠራሁ፣ እሷም ጻፈች። ከነባሌ ሰባት አልኳት። ልጆቼን ለሰው ቆጥሬ የተናገርኩት ያን ቀን ብቻ ነው።»